ጥድ ሲቆረጥ አያቆጠቁጥም፦ የጥድ አተካከልና አያያዝ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

በመካነ ሰላም ከተማ እንዲሁም በቦረና፣ በወግዲ፣ በመሐል ሳይንትና በአማራ ሳይንት ወረዳዎች ደጋማ ቀበሌዎች ለግቢ ውበት፣ ለአጥርና ለነፋስ መከላከያ ከሚፈለጉ ዛፎች አንዱ ጥድ ነው። ጥድ በወጣትነቱ እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ክረምት ከበጋ ቅጠሉን አያረግፍም፤ በጠባብ ቦታም ይተከላል። በዚህ ምክንያት በየዓመቱ ክረምት ሲቃረብ የጥድ ችግኝ የት እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚተከልና መቼ እንደሚገረዝ መረጃ የሚጠይቁ ነዋሪዎች ጥቂት አይደሉም።

ነዋሪዎች ጥድ ከመትከላቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ወይራም እንዲሁ። ጥድ ግን አያቆጠቁጥም። ግንዱ ከተቆረጠ ሥሩ ይሞታል፤ ቅጠል ከሌለው የቅርንጫፍ ክፍል ላይ ከተገረዘም በዚያ ቦታ አዲስ ቡቃያ አይወጣም። በመሆኑም በዓይነት ምርጫ፣ በቦታ ምርጫ ወይም በአገራረዝ የተሠራ ስሕተት በሚቀጥለው ክረምት የሚታረም አይሆንም፤ የብዙ ዓመት ዕድገት ያሳጣል። ይህ መረጃ የተዘጋጀው ነዋሪዎች ውሳኔያቸውን አስቀድመው አውቀው እንዲወስኑ ለማገዝ ነው።

የጥድ ዓይነቶችና መለያቸው

በአካባቢው «ጥድ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ዛፎች አሉ። የመጀመሪያው አገር በቀሉ የሐበሻ ጥድ ነው። ይህ ዛፍ ከዐረብ ምድር ደቡብ ምዕራብ ተራሮች ጀምሮ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች አልፎ እስከ ደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል የሚበቅል ሲሆን፣ በዓለም ካሉት የጥድ ዝርያዎች መካከል የምድር ወገብን ተሻግሮ በተፈጥሮ የሚገኘው እርሱ ብቻ ነው። በተመቸው ቦታ እስከ 40 ሜትር ሊረዝም ይችላል።

ሁለተኛው የፈረንጅ ጥድ ነው። መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን፣ ፈጥኖ ስለሚያድግ ለአጥርና ለጣውላ በስፋት ተተክሏል። ሦስተኛው በአንዳንድ ግቢዎችና የመቃብር ሥፍራዎች የሚታየው፣ ከሜዲትራንያን ባሕር አካባቢ የመጣው ቀጭንና ሹል ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከፈረንጅ ጥድ ጋር አንድ ወገን ነው።

እነዚህን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ፍሬያቸውን መመልከት ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ትንሽና ሥጋ ያለው ሲሆን፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ነጭ ዱቄት የሚመስል ልባስም ይኖረዋል፤ በጣትም ይጨፈለቃል። የሁለቱ የውጭ ዛፎች ፍሬ ግን ክብና እንደ እንጨት ደረቅ ነው፤ ሲደርስ ተሰንጥቆ ይከፈታል። ገና ፍሬ ያልያዘ የሐበሻ ጥድ ችግኝ ቅጠሉ እንደ መርፌ ሹልና የሚወጋ ነው። ዛፉ ሲጠነክር ቅጠሉ በቅርንጫፉ ላይ የተለጠፈ ቅርፊት መስሎ ይለሰልሳል። ስለዚህ የሚወጋ ችግኝ የተሰጠው ሰው ሌላ ተክል የተሰጠው ሊመስለው አይገባም።

በውጭ አገር ለግቢ ማስዋቢያ ብቻ ተመርጠው የሚባዙ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀጭን ሆነው የሚቀሩ የጥድ ዓይነቶች አሉ። በሰሜን አሜሪካ የታወቀው «ስካይሮኬት» ለዚህ ምሳሌ ነው። እነዚህ ቅርጻቸውን የሚጠብቁት ከቅርንጫፍ በሚወሰድ ቁራጭ ስለሚባዙ ነው፤ ከዘር ከተባዙ ቅርጻቸው ይለያያል። የሐበሻ ጥድ በቁራጭ ለማባዛት አስቸጋሪ በመሆኑ የሚራባው በዘር ነው። በመሆኑም ተካዩ የሚያገኘው የዓምድ ቅርጽ የወጣትነት ቅርጽ መሆኑን ማወቅ አለበት። ዛፉ ለረጅም ዓመታት ሹል ሆኖ ያድጋል፤ ሲያረጅ ግን አናቱ ይሰፋል፤ ቅርንጫፎቹም ይዘረጋሉ። የሐበሻ ጥድ ቁጥቋጦ ሆኖ የሚቀረው በየጊዜው በአግባቡ ከተገረዘ ብቻ ነው።

የአካባቢው የአየር ጠባይና አፈር

የሐበሻ ጥድ በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከተማዋና በዙሪያዋ ያለው ደጋ ለጥድ ተስማሚ ነው። ወደ አምባ ፈሪት አቅጣጫ ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ አስታና ጅብራ የሚበቅሉበት የውርጭ አገር ይጀምራል፤ እዚያ ጥድ አይበረታም። በሌላ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ቆላው ይሞቅበታል። በእነዚህ ሁለት ጫፎች የሚኖሩ ነዋሪዎች ጥድ ከመትከላቸው በፊት የቀበሌያቸውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይኖርባቸዋል።

ጥድ ድርቅንና ጭንጫማ መሬትን የሚችል ዛፍ ነው። የማይችለው በሥሩ ላይ የሚተኛ ውኃን ነው። በክረምት ውኃ የሚያቁር ዋልካ መሬት ላይ የተተከለ ችግኝ በመጀመሪያው ክረምት ሥሩ ታፍኖ ሊደርቅ ይችላል፤ ቅጠሉ የሚገረጣው ግን ዘግይቶ፣ በበጋ በመሆኑ ብዙ ሰው በውኃ ጥማት የደረቀ ይመስለዋል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ መትከል ግድ ከሆነ ውኃ ማስወገጃ ቦይ መቅደድና ችግኙን ከመሬት 20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የአፈር ቁልል ላይ መትከል ይመከራል።

ሌላው የአካባቢው ፈተና ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት የሚወርደው አመዳይ ነው። ጠንካራ ጥድ አመዳይን ይቋቋማል፤ ለጋ ቡቃያና አዲስ ችግኝ ግን ይጎዳል። ቀዝቃዛ አየር ከተዳፋት ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ስለሚከማች በሸለቆ ወለል ከመትከል ይልቅ በተዳፋት ላይ መትከል ጉዳቱን ይቀንሳል።

ዘር መሰብሰብና ችግኝ ማፍላት

የሐበሻ ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ተባዕትና እንስት ዛፎቹ የተለያዩ ናቸው። ፍሬ የማይሰጠው ጥድ በሽታ ይዞት ሳይሆን ተባዕት ስለሆነ ነው። ተባዕቱ በአቅራቢያው ከሌለ ደግሞ እንስቷ ፍሬ ብታፈራም ዘሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብቻዋን ከቆመች አንዲት ዛፍ ዘር መልቀም አይመከርም። ከተቻለ ቀጥ ያለ አንድ ግንድና ጠባብ አናት ካላቸው፣ እርስ በርስ ከተራራቁ ከ10 በላይ ዛፎች መልቀምና ማደባለቅ የተሻለ ነው። የእናት ዛፍ ቅርጽ በከፊል ወደ ልጆቿ ስለሚተላለፍ ይህ ጥንቃቄ ለዓምድ ቅርጽም ይጠቅማል።

የሚለቀመው ወደ ጥቁር ሰማያዊ የተለወጠው ፍሬ ብቻ ነው፤ አረንጓዴው አልደረሰም። ቅርንጫፍ ሰብሮ መልቀም የተከለከለ ተግባር ሊሆን ይገባዋል፤ የተሰበረው ቅርንጫፍ አይተካምና። ከፍሬው ግማሽ ያህሉን በዛፉ ላይ መተውም አስፈላጊ ነው። ፍሬውን የሚበሉ ወፎች ዘሩን ወደ ሌላ ቦታ ወስደው ስለሚጥሉት በየቁጥቋጦው ሥር የሚገኘው ወፍ ዘራሽ ጥድ የሚበቅለው በዚሁ መንገድ ነው።

የተለቀመው ፍሬ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሥጋው ታሽቶ ይወገዳል። ዘሩ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚንሳፈፈው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ስለሆነ ይጣላል፤ የሰጠመው በጥላ ሥር ደርቆ ይዘራል። ዘሩ በደቃቅ አፈር፣ በአሸዋና በበሰበሰ ኮምፖስት ድብልቅ በተዘጋጀ መደብ ላይ ተዘርቶ በስሱ ይሸፈናል፤ ከላይም ጥላ ይሠራለታል። ለመብቀል ከአንድ እስከ ሁለት ወር ሊወስድ ስለሚችል ቶሎ አልበቀለም ተብሎ መደቡ መገልበጥ የለበትም። ቡቃያው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ በጥንቃቄ ተነቅሎ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ይዛወራል።

የሐበሻ ጥድ ችግኝ በደጋ አየር ለተከላ የሚደርሰው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። በተግባር ሲታይ በሚመጣው ዓመት ሐምሌ ሊተክል የሚፈልግ ሰው ወይም ተቋም ዘሩን በዚህ ዓመት ጥር ወይም የካቲት መዝራት፣ ወይም ለችግኝ ጣቢያው ፍላጎቱን በዚያው ጊዜ ማሳወቅ አለበት። በሰኔ የሚቀርብ ድንገተኛ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚያስገኘው ፈጥኖ የሚደርሰውን የፈረንጅ ጥድ ወይም ባሕር ዛፍ ነው።

ቦታ መምረጥና የግቢ አቀማመጥ

ጥድ ከተተከለ በኋላ ከሦስትና ከአራት ዓመት በላይ ከቆየ ነቅሎ ማዛወር አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም። ስለዚህ ከመትከል በፊት ዛፉ ከ30 ዓመት በኋላ የሚይዘውን ቦታ ማሰብ ያስፈልጋል። እንደ ዛፍ እንዲያድግ የሚፈለግ ጥድ ከቤት ግድግዳ ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ሜትር ሊርቅ ይገባል። በኤሌክትሪክ መስመር ሥር መትከል አይፈቀድም፤ መስመሩን ለማጽዳት የዛፉ ቁንጮ ከተቆረጠ የዓምዱ ቅርጽ ለዘለቄታው ይጠፋል። በውኃ ቧንቧና በመጸዳጃ ጉድጓድ ላይም መትከል አይገባም።

ለአጥር የሚተከል ጥድ ከድንበር መስመር ላይ ሳይሆን ወደ ራስ ይዞታ ቢያንስ አንድ ሜትር ገባ ተደርጎ ቢተከል ከጎረቤት ጋር ሊነሳ የሚችለውን አለመግባባት ያስቀራል፤ ለመገረዝም መተላለፊያ ይሰጣል። በእርሻ ድንበር ላይ ሲሆን ጥላው በጎረቤት ሰብል ላይ እንዳይወድቅ ርቀቱ ከዚህ ከፍ ማለት አለበት። በሁሉም ሁኔታ ከመትከል በፊት ከጎረቤት ጋር መነጋገር ይመከራል።

በችግኞች መካከል የሚኖረው ርቀት እንደ ዓላማው ይለያያል። ጥቅጥቅ ያለ አጥር ለማግኘት ከ50 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር፣ ለነፋስ መከላከያ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር፣ በግቢ መንገድ ግራና ቀኝ በተናጠል ለሚቆሙ ዛፎች ከ3 እስከ 4 ሜትር ተስማሚ ነው። ለምሳሌ ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ስፋቱ 15 ሜትር የሆነ ግቢ ዙሪያው 70 ሜትር ይሆናል። ከዚህ 4 ሜትር ለበር ቢቀነስ 66 ሜትር ይቀራል፤ በየ1 ሜትሩ ለመትከል 66 ችግኝ ያስፈልጋል። ለሚደርቁት መተኪያ 10 ችግኝ ቢጨመር በጠቅላላው 76 ችግኝ መጠየቅ በቂ ነው።

ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ የእምነት ተቋማትና እንደ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ካምፓስ ያሉ ሰፊ ግቢ ያላቸው ተቋማት ጥድን ብቻውን ከመደርደር ይልቅ ከወይራ፣ ከኮሶና ከሌሎች አገር በቀል ዛፎች ጋር ማሰባጠራቸው ይመከራል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ያለበት ግቢ ተባይ ሲገባ በሙሉ ይጎዳል።

የጉድጓድ ዝግጅትና ተከላ

ጉድጓዱ በግንቦት ወይም በሰኔ መጀመሪያ፣ ከተከላው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይቆፈራል። ስፋቱም ጥልቀቱም 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ከላይ የወጣው ለም አፈር ከታችኛው ተለይቶ ይቀመጣል፤ በተከላ ጊዜም ከበሰበሰ ኮምፖስት ጋር ተደባልቆ መጀመሪያ የሚመለሰው እርሱ ነው። ያልበሰበሰ ፍግ ሥሩን ስለሚያቃጥል አይጨመርም።

ተከላው መሬቱ በደንብ ውኃ ከጠገበ በኋላ፣ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ቢከናወን ይመረጣል። ከዚያ የዘገየ ችግኝ ዝናቡ ሳይወጣ ሥር ለመስደድ ጊዜ አያገኝም። ከችግኝ ጣቢያ የሚወሰደው ችግኝ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ አንድ ቀጥ ያለ ቁንጮ፣ አረንጓዴ ቅጠልና ከረጢቱን የያዘ አፈር ያለው መሆን አለበት። በከረጢቱ ውስጥ ሥሩ የተጠማዘዘ ችግኝ ለጊዜው ቢጸድቅም ሲያድግ በነፋስ ይወድቃል።

ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ችግኙ በከረጢት ውስጥ የነበረበት የአፈር ደረጃ ከመሬቱ ገጽ ጋር እኩል ይሆናል፤ ግንዱን በጥልቀት መቅበር ያበሰብሰዋል። አፈሩ በእግር ቀስ ተብሎ ይረገጣል፤ ዙሪያውን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የገለባ ወይም የደረቀ ሣር ጉዝጓዝ ይደረጋል፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን መንካት የለበትም።

ከተከላ በኋላ የሚደረግ እንክብካቤ

የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በመላ አገሪቱ ችግኝ መትከል የብዙ ዜጎች ልማድ ሆኗል። ጥድን በተመለከተ ውጤቱ የሚወሰነው ከተከላው ቀን ይልቅ በሚከተሉት ሁለት በጋዎች ነው። በእነዚህ ጊዜያት ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ የበልግ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ለእያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት አንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሊትር ውኃ ቀስ ብሎ እንዲሰርግ አድርጎ ማጠጣት፣ በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት የተሻለ ነው። ጥልቅ ውኃ ሥሩን ወደ ታች ይስባልና።

በችግኙ ዙሪያ 1 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ከአረም የጸዳ መሆን አለበት። ከብት፣ በግና ፍየል እንዳይረግጡትና እንዳይበሉት ቢያንስ ለሦስት ዓመት በእሾህ ወይም በአጣና ማጠር ያስፈልጋል። የጥድ ልጥ ቀጭን በመሆኑ እሳት ይገድለዋል፤ ስለዚህ ገለባና ቆሻሻ በአጠገቡ ማቃጠል አይገባም።

አገራረዝ

የጥድ አገራረዝ ከሌሎች የአጥር ተክሎች አገራረዝ ይለያል። መጀመሪያ መለየት ያለበት የሚፈለገው ዓምድ መሰል ዛፍ ነው ወይስ አጥር የሚለው ነው።

ዓምድ መሰል ዛፍ ከተፈለገ ቁንጮው ፈጽሞ አይነካም። ሁለት ቁንጮ ከወጣ ደካማው ገና ለጋ ሳለ ይወገዳል። ከጎን የሚያፈነግጡ ቅርንጫፎች ጫፋቸው ብቻ በትንሹ ይከረከማል። አጥር ከተፈለገ ችግኞቹ ወደሚፈለገው ቁመት ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ቁንጮው ይቆረጣል፤ ጎኑም በየዓመቱ ይከረከማል። አጥሩ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ብሎ መከርከም አለበት። ከላይ የሰፋ አጥር የታችኛውን ቅርንጫፍ ብርሃን ስለሚነሳው ከሥር ይራቆታል፤ የተራቆተው ቦታም ተመልሶ ቅጠል አያበቅልም።

በማንኛውም ጊዜ መቁረጫው ከአረንጓዴው የቅጠል ክፍል አልፎ ወደ ቡናማው እንጨት መግባት የለበትም። ለዓመታት ሳይገረዝ የቆየ አጥርን በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ቆርጦ ለማጥበብ መሞከር አጥሩን ያጠፋዋል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ያለው አማራጭ በየዓመቱ በጥቂቱ መከርከም ወይም በምትኩ አዲስ መትከል ነው። ለመገረዝ ተስማሚው ጊዜ የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የተገረዘ ጥድ የሚያወጣውን ለጋ ቡቃያ አመዳይ ይመታዋል።

ለገና በዓል ማድመቂያ ተብሎ የጥድ ቁንጮ መቁረጥም በዚሁ መልክ መታየት አለበት። የተቆረጠው ቁንጮ ለጥቂት ቀናት ያገለግላል፤ ዛፉ ግን የቀድሞ ቅርጹን መልሶ አያገኝም። ለበዓሉ ጥድ የሚፈልጉ ቤተሰቦች በማሰሮ ወይም በባልዲ ተተክሎ የቆየ ችግኝ ተጠቅመው በሚቀጥለው ክረምት መሬት ላይ ሊተክሉት ይችላሉ።

ክሽክሽና በሽታ

የጥድ ወገን ዛፎችን የሚያጠቃ ክሽክሽ እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ፣ በ1990 ደግሞ በኬንያ ተከስቶ በፈረንጅ ጥድ ደኖች ላይ ከፍተኛ ጉዳት አድርሷል። ተባዩ በኢትዮጵያም ይገኛል። ይበልጥ የሚያጠቃው የፈረንጅ ጥድን ቢሆንም የሐበሻ ጥድንም ይይዛል። በቅርንጫፎች ላይ ተሰብስቦ የዛፉን ፈሳሽ ይመጣል፤ የተመጠጠው ቅርንጫፍም ቡናማ ሆኖ ይደርቃል።

ምልክቶቹ በአጥሩ ላይ በየቦታው የሚታይ ቡናማ ንጣፍ፣ በቅርንጫፍ ላይ የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ በላዩ የሚያድግ ጥላሸት መሰል ሻጋታና የጉንዳን መመላለስ ናቸው። አጥሩን በየጊዜው ገለጥ አድርጎ ውስጡን ማየት ተባዩን በጊዜ ለማግኘት ይረዳል። በትንሽ ቦታ ከታየ የተጠቃውን ክፍል ቆርጦ ከዛፎቹ ርቆ በሚገኝ ቦታ ማቃጠልና ቀሪውን በሳሙና ውኃ ማጠብ ይቻላል። ከተስፋፋ ግን ኬሚካል በዘፈቀደ ከመርጨት በፊት ለወረዳው የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የተጠቃ ቅርንጫፍን ወይም ችግኝን ወደ ሌላ ቀበሌ ማጓጓዝ ተባዩን ማዛመት ነው።

ከውጭ አገር የጥድ ችግኝ፣ ቁራጭ ወይም ዘር ማስገባት የሚቻለው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን በሚሰጠው ፈቃድና በሚያደርገው የዕፅዋት ጤና ቁጥጥር ብቻ ነው። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለቤተሰብ ግቢ ወይም ለደብር ማስዋቢያ ብለው በሻንጣ ከመላክ እንዲቆጠቡ ይመከራል።

ያረጁ ጥዶችና ሕጉ

የጥድ ቀዩ የውስጥ እንጨት ምስጥና ብስባሽ የማይደፍረው በመሆኑ ለቤት ምሰሶ፣ ለበርና ለአጥር ቋሚ ለዘመናት ተፈላጊ ሆኖ ኖሯል። ዛፉ በአገሪቱ ደጋዎች የተመናመነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ጥራቱ ነው። ዛሬ ያረጁ ጥዶች የሚገኙት በአመዛኙ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር፣ በመቃብር ሥፍራዎችና በተጠበቁ ደኖች ነው። በላስታ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው የጥድ ደን አንዱ ምሳሌ ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎም ደንቆሮ ጫቃን የያዘው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የአካባቢው ዋና የአገር በቀል ዛፎች መጠለያ ነው።

ጥድን ዘር ለቅሞ መትከል በአገሪቱ አዲስ ነገር አይደለም። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ አስተክለዋል፤ የመናገሻ ሱባ ደን መነሻም ይኸው እንደሆነ ይነገራል። ይህ ሊሆን የቻለው በወፍ ዋሻ ዘር የሚሰጡ እናት ዛፎች ስለነበሩ ነው። በየደብሩና በየመቃብሩ የቆሙት ጥዶችም ዛሬ ለአካባቢው ያላቸው ጥቅም ተመሳሳይ ነው። አንድ ያረጀ ጥድ ለምሰሶ ሲቆረጥ የሚጠፋው የአካባቢው የዘር ምንጭ ጭምር ነው።

የደን ጥበቃ፣ ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 94/1986 ጥድን ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር በስም ጠቅሶ በተፈጥሮ ደን ውስጥ እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። በአሁኑ ጊዜ የዘርፉ መሠረታዊ ሕግ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። አዋጁ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት የደን ይዞታዎችን ለይቶ ያውቃል። ዜጎች በራሳቸው ይዞታ የተከሉት ዛፍ ባለቤት ናቸው። ያም ሆኖ አገር በቀል ጥድ ከመቁረጥና እንጨቱን ከቦታ ወደ ቦታ ከማጓጓዝ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅና የሚያስፈልገውን ፈቃድ መያዝ ይገባል። ከፓርኩ ክልል ዘርም ሆነ ወፍ ዘራሽ ችግኝ ያለ ፈቃድ ማውጣት አይቻልም። ከደብር ቅጥር ለመልቀምም የአስተዳዳሪውንና የሰበካ ጉባኤውን ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለማገዶና ለአጣና ፍላጎት ባሕር ዛፍ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ከተቆረጠም ያቆጠቁጣል። አንድ አባወራ ወይም እማወራ ከምንጭና ከእርሻ ርቆ በሚገኝ መሬት ለዕለት ፍላጎት የሚሆን ባሕር ዛፍ ቢኖራቸው በግቢያቸው ያለውን ጥድ በችግር ጊዜ ለመቁረጥ አይገደዱም።

አገልግሎት ለማግኘት

የጥድ ችግኝ፣ ዘር ወይም የባለሙያ ምክር የሚፈልጉ የገጠር ነዋሪዎች በመጀመሪያ በቀበሌያቸው የሚገኘውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ያነጋግሩ። የልማት ሠራተኛው መሬቱን አይቶ ተስማሚውን ዝርያ ይጠቁማል፤ ጥያቄውንም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያስተላልፋል። የከተማ ነዋሪዎች ለግቢ ተከላ ከችግኝ ጣቢያዎች ሊጠይቁ ይችላሉ፤ በመንገድ ዳርና በአደባባይ ለመትከል ግን አስቀድሞ የማዘጋጃ ቤቱን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

ጥያቄው ሲቀርብ የሚፈለገው ዝርያ (የሐበሻ ጥድ ወይም የፈረንጅ ጥድ)፣ የችግኝ ብዛት፣ የተከላው ዓላማ፣ የመሬቱ ዓይነትና የሚተከልበት ወር ቢገለጽ አገልግሎቱን ያፋጥናል። በይዞታው ላይ ጥርጣሬ ካለ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይዞ መቅረብ ይጠቅማል። ችግኝ በሚረከቡበት ጊዜም የቀረበው የተጠየቀው ዝርያ መሆኑን መጠየቅ የተገልጋዩ መብት ነው።

የተቋማት ኃላፊዎች ለሚመጣው ዓመት ተከላ የሚያስፈልጋቸውን የጥድ ችግኝ ብዛት እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ቢያሳውቁ ችግኝ ጣቢያዎች ዘሩን በወቅቱ ለመዝራት ጊዜ ያገኛሉ።